«ደህና ነው አይደል?» የምትለው እታገኘሁ

ተረት ተረት! «የላም በረት» እንዳትሉኝ፤ ላሟም የለች፣ በረቱም ፈርሶ ቢሮ ተሠርቶበታል። ስለዚህ «የቢሮ ወረቀት» በሉኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን ስጡኝ።

በሾላምንጭ ከተማ፣ በውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት፣ እታገኘሁ የምትባል ጸሐፊ ነበረች። ሥራዋን ታውቃለች። ፊደሏ ንጹሕ ነው፣ ዐረፍተ ነገሯ አጭር ነው፣ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ትገባለች። አንድ ነገር ብቻ ትፈልግ ነበር፤ እሱም አንዲት ቃል ነው። «ደህና ነው» የምትል ቃል። ይቺን ቃል ሰው ካልሰጣት ምሳዋ በጉሮሮዋ አይወርድም። ደብዳቤ ጽፋ «ደህና ነው አይደል?» ትላለች። በቴሌግራም መልእክት ትልክና «ደርሶዎታል?» ትላለች። ቀጥላ «ይቅርታ ስላስቸገርኩዎት» ትላለች። ከዚያ መልእክቱ መነበቡን የሚያሳዩትን ሁለቱን ጭረት እያየች ትቀመጣለች። ጭረቱ ሁለት ከሆነና መልሱ ካልመጣ አለቀላት፤ «ምን ብዬ ይሆን? ተቀይመውኝ ይሆን?» እያለች ስትብሰለሰል ትውላለች።

ከመሬት ተነስታ አይደለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? እሷም እባቧን አይታለች። በተቀጠረች በወሩ፣ የጻፈችውን ደብዳቤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሸዋንግዛው በስብሰባ መሀል ጫፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ የሞተ አይጥ እንደሚያወጣ ሰው፣ ከፍ አድርገው አንጠለጠሉት። «ይሄን የጻፈው ማነው?» አሉ። እታገኘሁ «እኔ ነኝ» አላለችም። ሁሉም ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አየ። ስህተቱ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ የነገራት የለም። ያን ቀን ግን ቤቱ በሙሉ አንድ ትምህርት ተማረ፤ የጻፈ ይጠየቃል፣ ያልጻፈ ሻዩን ይጠጣል። እኔ ይሄን ትምህርት አልወደውም፤ አስተማሪውንም አልወደውም። ተረቱ የኔ ነውና እናገራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ስምንት ወር አለፈ። አንድ ማክሰኞ ማለዳ አቶ ሸዋንግዛው እታገኘሁን ጠሩና «ትልቁ ቧንቧ ነገ ይቀየራል፤ ውሃ ሦስት ቀን ይዘጋል። ማስታወቂያ ጻፊና ደምስ በሞንታርቦ ይልፈፈው» አሏት። ኢንጂነሩም ሦስት ቀን መሆኑን ነግሯት ነበርና ወዲያው ጻፈችው። ሁለት መስመር ነው፤ እንዲህ ይላል።

«ከነገ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን ውሃ አይኖርም።
ዛሬ እስከ ቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ድረስ ቀድታችሁ አስቀምጡ።»

በሾላምንጭ ውሃ በፈረቃ ነው። የዚያ ቀን ፈረቃ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃል። እስከዚያ የቀዳ ቀዳ፤ ያልቀዳ ሦስት ቀን ደረቅ ቧንቧ ሲያይ ይከርማል። ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ሲስተር ወርቅያንሹ ደወለች።

«እታገኘሁ፣ ውሃ ሊዘጋ ነው የሚባል ወሬ ሰማሁ። አራት ወላዶች ተኝተውብኛል። አራት በርሜል አለኝ፣ አራቱም ባዶ ነው። እውነት ከሆነ ሰዎቼን ከክትባት ሥራ አንስቼ ላስቀዳ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» ማለት ሁለት ቃል ነው። እታገኘሁ ግን ሁለቱም አልወጣላትም።

«ከሞንታርቦው ይሰማሉ፣ ሲስተር» አለቻትና ስልኩን ዘጋች።

ወረቀቷን ይዛ ወደ ግቢ ወጣች። ሞንታርቦ የተገጠመባትን መኪና የሚነዳው ጋሽ ደምስ ነው። ጋሽ ደምስ የሰጡትን ሁሉ ያነባል፤ በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ጽፈው ቢሰጡት እንኳ ያነባል። ወረቀቱን ተቀበላት፣ ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩ ተነሳ። ሄዶላት ነበር እኮ! እሷ ግን በመስኮቱ ጎንበስ ብላ «ጋሼ፣ ደህና ነው አይደል?» አለችው።

ጋሽ ደምስ ሞተሩን አጠፋ።

«ምን ሆኗል?» አለ።

«ምንም አልሆነም። ብቻ ደህና ነው አይደል?»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እስካሁን ደህና መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ልቤ ጠረጠረ። ያለ ማህተም አልለፍፍም። አስመቺና ነይ።»

ሞንታርቦው ያለ ማህተም አይለፍፍ፣ ከተማው ሳይሰማ አይቀዳ፤ ሰዓቱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ማህተሙ ያለው መዝገብ ቤት ነው፤ መዝገብ ቤቱን የያዘችው እትዬ ላቀች ናት። እትዬ ላቀች ማህተም ስትመታ ወረቀት አታይም፤ ዓይኗ የምትሠራው ሹራብ ላይ ነው። አንዴ ከወረቀት ጋር ተቀላቅሎ የመጣ የሠርግ ጥሪ መትታ፣ ሠርገኛው ጥሪውን በመሥሪያ ቤት ማህተም በትኖታል።

«እትዬ፣ ጋሽ ደምስ ያለ ማህተም አልለፍፍም አለኝ» አለቻት እታገኘሁ።

«ታዲያ ይሄም ቁም ነገር ሆኖ! አምጪው» አለችና ማህተሙን ቀለም አስነክታ አነሳች። እጇ አየር ላይ ነው። ሊወርድ ነው። ሊወርድ ነው።

«እትዬ፣ ደህና ነው አይደል?»

እጁ አየር ላይ ቀረ። እትዬ ላቀች ሹራቧን አስቀመጠች፤ በስንት ዘመኗ! ስምንት ወር አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ እንደ እንግዳ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ደህና ከሆነ ለምን ትጠይቂኛለሽ? ልጄ፣ ጡረታ ልወጣ ሁለት ዓመት ቀረኝ። እዚህ ቤት በሰላም ገብቻለሁ፣ በሰላም ልውጣበት። ያለ ፊርማ አልመታም። አቶ ቸርነት ይፈርሙበት።»

አያችሁ? ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ነው፤ ያስነጠሰው አንድ ሰው፣ የሚያስለው ቤቱ በሙሉ።

ማህተሙ ያለ ፊርማ አይመታ፣ ሞንታርቦው ያለ ማህተም አይለፍፍ፣ ከተማው ሳይሰማ አይቀዳ፤ ሰዓቱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል።

አቶ ቸርነት የአስተዳደር ኃላፊ ናቸው። እንግዳ ነበራቸውና እታገኘሁ በር ላይ ቆማ ጠበቀች፤ አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ሰዓት ሆነ፣ አምስት ተኩል ላይ ገባች። አቶ ቸርነት ሳያነቡ በመፈረም የታወቁ ናቸው። አንድ ጊዜ የራሳቸውን የዝውውር ደብዳቤ ሳያነቡ ፈርመው ሦስት ወር ሌላ ከተማ ሠርተው መጥተዋል። አሁንም ወረቀቱን ሲያዩ እስክሪብቶውን ከፈቱ፣ ጫፉን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

«አቶ ቸርነት፣ ደህና ነው አይደል? አንዴ ቢያዩልኝ ደስ ይለኛል።»

አቶ ቸርነት እስክሪብቶውን ከደኑ። መነጽራቸውን ከመሳቢያ አወጡ፣ አቧራውን ጠረጉ፣ አደረጉ። ሁለቱን መስመር ግማሽ ሰዓት አነበቡት።

«‹ሦስት ቀን› ይላል» አሉ።

«አዎ።»

«ለምን ሦስት ሆነ? አራት ቢሆንስ?»

«ኢንጂነሩ ነው የነገረኝ።»

«ነገረሽ እንጂ አረጋገጠልሽ? ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም ያለ ሰው ብልህ ነበር። ያለ ማረጋገጫ አልፈርምም።»

በዚያ ቤት ደግሞ ወረቀት አይመለስም፤ ይመራል። በኅዳጉ ላይ ስም ይጻፍበትና ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። ስለዚህ በቀኝ ኅዳግ ላይ «ለኢንጂነር ሚልክያስ፤ ሦስት ቀን የሚለው ተረጋግጦ ይቅረብ» ብለው ጽፈው መለሱላት።

ኃላፊው ያለ ማረጋገጫ አይፈርም፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አይመታ፣ ሞንታርቦው ያለ ማህተም አይለፍፍ፣ ከተማው ሳይሰማ አይቀዳ፤ ሰዓቱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ምሳ ሰዓት ገባ። በምሳ ሰዓት እንኳን ወረቀት፣ እግዜርም ቢመጣ ነገ ይባላል። እታገኘሁ ምሳዋን ከፍታ ዘጋችው። ስልኳን አየች። ሲስተር ወርቅያንሹ መልእክት ልካለች፤ «እስካሁን አልተለፈፈም። ልተወው ወይስ ልጠብቅ?» ይላል። ጣቷ ፊደሎቹ ላይ ሲንከራተት ቆየና ሳትመልስ አስቀመጠችው። አፈረች። ሁለቱ ጭረት አሁን የሚታየው በሲስተር ወርቅያንሹ ስልክ ላይ እንደሆነ አውቃ አፈረች።

ስምንት ሰዓት ላይ ኢንጂነር ሚልክያስን ግቢው ጀርባ፣ ከአዲሶቹ ቧንቧዎች መሀል አገኘችው። ጫማው ጭቃ ነው፣ ፊቱ ግን ፈገግተኛ ነው።

«ሦስት ቀን ነዋ!» አለ። «አንድ ቀን መቆፈር፣ አንድ ቀን መቀየር፣ አንድ ቀን ማጠብ። እኔው አይደለሁ የነገርኩሽ? አምጪው ልጻፍልሽ።»

መጻፍ ጀምሮ ነበር። እኔ ብሆን አፌን በመዳፌ እይዘው ነበር። እሷ ግን፣

«ሚልክያስ፣ እርግጠኛ ነህ? ደህና ነው አይደል?»

የሚልክያስ ፈገግታ ቀስ እያለ ወረደ።

«እርግጠኛ... እርግጠኛ ስትዪ እንግዲህ... ድንጋይ ቢወጣስ? ዝናብ ቢመጣስ?» ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። በጥቅምት ሰማይ ላይ አንዲት ደመና የለችም። «አየሽ እታገኘሁ፣ ጎመን በጤና። ሥራ አስኪያጁ ‹ይሁን› ካላሉ አላረጋግጥም።» በግራ ኅዳጉ ላይ «ለሥራ አስኪያጅ፤ መመሪያ ይሰጠን» ብሎ ጽፎ ወደ ቧንቧው ተመለሰ።

ኢንጂነሩ ያለ «ይሁን» አያረጋግጥ፣ ኃላፊው ያለ ማረጋገጫ አይፈርም፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አይመታ፣ ሞንታርቦው ያለ ማህተም አይለፍፍ፣ ከተማው ሳይሰማ አይቀዳ፤ ሰዓቱ ግን ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እታገኘሁ የአቶ ሸዋንግዛውን በር አንኳኳች። ይሄ በር ለሷ የእባቡ ጉድጓድ ነው።

«ምን ፈለግሽ?» አሉ።

«ማስታወቂያው... ‹ይሁን› እንዲሉበት ነው።»

«እኔ አይደለሁም እንዴ ጠዋት ጻፊ ያልኩሽ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ?»

«ደህና ነው አይደል?»

አቶ ሸዋንግዛው ወረቀቱን ተቀበሏት። በቁሙ አዩት፣ አዙረው የቀኙን ኅዳግ አነበቡ፣ ገልብጠው የግራውን አነበቡ። ሁለቱ መስመር መሀል ላይ ሣር እንደዋጠው ጎጆ ተቀምጧል። አየሩ የወጣ ጎማ መሰሉ፤ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«ቸርነት ጠርጥሯል» አሉ። «ሚልክያስ ጠርጥሯል። ላቀችም አልመታችበትም። ይሄ ሁሉ ሰው የጠረጠረውን እኔ ብቻዬን ‹ይሁን› ልበል? ዞን ይወቀው!»

ስልኩን አንስተው ዞን ደወሉ። ጠራ። አልተነሳም። እንደገና ደወሉ። ጠራ። አልተነሳም።

ዞን ስልክ አያነሳ፣ ሥራ አስኪያጁ ያለ ዞን «ይሁን» አይል፣ ኢንጂነሩ ያለ «ይሁን» አያረጋግጥ፣ ኃላፊው ያለ ማረጋገጫ አይፈርም፣ ማህተሙ ያለ ፊርማ አይመታ፣ ሞንታርቦው ያለ ማህተም አይለፍፍ፣ ከተማው ሳይሰማ አይቀዳ፣ የሲስተር ወርቅያንሹ በርሜል አይሞላ፤ ሰዓቱ ግን፣ ያ የማያፍር ሰዓት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ይሄዳል። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

አቶ ሸዋንግዛው ሦስተኛ ጊዜ ደወሉ። ስልኩ ጆሯቸው ላይ እየጠራ፣ የስልኩን ገመድ በጣታቸው እየጠመጠሙ፣ ግንባራቸው ወዝቶ፣ እታገኘሁን ቀና ብለው አዩዋት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እታገኘሁ» አሏት፣ «ደህና ነው... አይደል?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም፤ እሷም ቆማለችና። ቃሉ የሷ ነው። መጨረሻው ላይ ከፍ የምትለው ድምፅ ራሷ የሷ ናት። ሰውየውን አየቻቸው። ስምንት ወር በሕልሟም በእውኗም ስትሸሻቸው የኖረችው እኒህን ነው? እባቡ ይሄ ነው? ኧረ ልጥ ነው! የተጠመጠመ፣ ላብ ያራሰው፣ የፈራ ልጥ!

ተናደደች። በሳቸው ብቻ አይደለም የተናደደችው። በስምንት ወር ይቅርታዋ ተናደደች። ሁለት ጭረት ስታይ ባባከነችው ቀን ሁሉ ተናደደች። ከሁሉ በላይ «ከሞንታርቦው ይሰማሉ» ባለችው ተናደደች፤ አራት ወላድ የያዘች ሴት እውነቱን ስትጠይቃት፣ እውነቱን እያወቀች። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይላል የአገሬ ሰው። እሷ ደግሞ አፍራ አፍራ ጨርሳለች።

«ደህና ነው» አለች።

«እ?»

«ደህና ነው። ያዘዙኝን ነው የጻፍኩት። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ደህና ነው።»

ያን ጊዜ ዞን ስልኩን አነሳ። ስልክ ነገረ ሥራው እንዲህ ነው፤ ሲለምኑት ጀርባውን ይሰጣል፣ ሲተዉት ይመጣል። አቶ ሸዋንግዛው ስለ ቧንቧው፣ ስለ ኅዳጉ፣ ስለ ጠርጣሪዎቹ እየተንተባተቡ አስረዱ። ከስልኩ ውስጥ የሚወጣው የሰለቸው ድምፅ ለእታገኘሁም ይሰማል። «ያዘጋጀችው ሠራተኛ ምን ትላለች?» አለ።

እታገኘሁ እጇን ዘረጋች። «ይስጡኝ።»

ሰጧት! ምን ያድርጉ?

«እታገኘሁ እባላለሁ» አለች በስልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ውሃው ነገ ይዘጋል፣ ሦስት ቀን ይቆያል፣ ሰው ዛሬ መቅዳት አለበት።»

«ታዲያ ለምን ደወላችሁ?» አለና ዞን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

አቶ ሸዋንግዛው እስክሪብቶ አንስተው «ይሁን» ለማለት በወረቀቱ ላይ ቦታ ፈለጉ። በቀኙ ኅዳግ የለም፣ በግራውም የለም። እታገኘሁ ከጠረጴዛቸው ላይ ንጹሕ ወረቀት ሳበች፤ ሳትጠይቅ ነው የሳበችው። ሁለቱን መስመር እንደነበረ ገለበጠችው። ከሥሩ፣ ማንም ሳያዛት፣ ስሟን እስከ አባቷ ድረስ በትልቁ ጻፈች። «እዚህ ጋ ነው የሚጽፉት» አለቻቸው። ጻፉ።

በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«አቶ ሸዋንግዛው፣ ያኔ በስብሰባው ላይ ያንጠለጠሉት ደብዳቤ፣ ስህተቱ ምን ነበር?»

ጣሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ። «የቱ ደብዳቤ?» አሉ። «አላስታውስም።»

«እኔ ስምንት ወር አስታውሼልዎታለሁ» አለችና ወጣች።

በኮሪደሩ እየሄደች መጀመሪያ የደወለችው ለሲስተር ወርቅያንሹ ነው።

«ሲስተር፣ እውነት ነው። ነገ ይዘጋል፣ ሦስት ቀን። አሁኑኑ ያስቀዱ።»

«ተለፈፈ እንዴ?»

«አልተለፈፈም። እኔ ነኝ ያልኩት። ጠዋትም አውቄ ነበር፤ በዚያ ይቅር ይበሉኝ።»

ይቅርታም ቦታ አለው፤ ይሄኛው ቦታው ነበር። ከዚያ ሰንሰለቱ ወደ ኋላ ተፈታ። ሚልክያስ «ደህና ነው አይደል?» አላት፤ «ደህና ነው፣ ጻፍ» አለችው። አቶ ቸርነት መነጽራቸውን እያወለቁ «ደህና ነው አይደል?» አሏት፤ «ደህና ነው፣ ይፈርሙ» አለቻቸው። እትዬ ላቀች ማህተሙን አየር ላይ እንደያዘች «ደህና ነው አይደል ልጄ?» አለቻት፤ «ደህና ነው እትዬ፣ ይምቱት» አለቻት። ዱብ! ሹራቧም ወደ ጭኗ ተመለሰ።

ዞን ዘጋ፣ ሥራ አስኪያጁ «ይሁን» አሉ፣ ኢንጂነሩ አረጋገጠ፣ ኃላፊው ፈረሙ፣ ማህተሙ ተመታ፣ ቀረ ሞንታርቦው።

ጋሽ ደምስ ወረቀቱን አገላብጦ አየ። ማህተሙን አየ፣ ፊርማውን አየ፣ ከሥሩ ያለውን የእታገኘሁን ስም አየና ሳቀ። «እንዲህ ከሆነማ የጻፈ ያንብብ! ግቢ» አላት። ገባች። ማይኩን ሰጣት። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው።

መኪናዋ በቀጥታ ወደ ቦኖ ውሃው ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ቢጫ ጀሪካን ከአስፓልቱ እስከ ሾላው ዛፍ ተደርድሯል። እታገኘሁ ጉሮሮዋን ጠራርጋ አነበበች። «ከነገ ረቡዕ ጥቅምት አስራ ሁለት ቀን ጀምሮ ለሦስት ቀን ውሃ አይኖርም...»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ከሰልፉ ፊት ያለች ሴት። «አስራ ሁለት ዛሬ ነው እኮ! ነገ አስራ ሦስት ነው!»

እታገኘሁ ወረቀቱን አየች። እውነቷን ነው። ቀኑን ተሳስታለች። ይሄ ወረቀት በስንት እጅ አለፈ? አቶ ቸርነት ግማሽ ሰዓት አነበቡት፣ ሚልክያስ አነበበው፣ አቶ ሸዋንግዛው በቁሙም ገልብጠውም አነበቡት። ሁሉም የጠረጠረውን ሲጠረጥር ስህተቷ መሀል ላይ በሰላም ተቀምጣለች።

ሰልፉ ተንጫጫ። ዛሬ ነው ያለ አለ፣ ነገ ነው ያለ አለ። ከሾላው ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ ዱላቸውን ወደ መኪናዋ ቀስረው ጮኹ፤

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

ያችው ጥያቄ! ቃል በቃል። ጋሽ ደምስ መኪናዋን አቁሞ አያት። ጠረጴዛ የለም፣ የሚያዩት መሬት ብቻ ነው። ማይኩ በእጇ ነው። ዝም ብትል ማንም አያውቃትም፤ ሞንታርቦ ፊት የለውም።

«እኔ ነኝ!» አለ ሞንታርቦው፣ ከሾላው ዛፍ እስከ ጤና ጣቢያው እየተሰማ። «የጻፍኩት እኔ እታገኘሁ ነኝ! ቀኑን ተሳስቻለሁ፤ ነገ ረቡዕ አስራ ሦስት ነው። ውሃው ግን ነገ መዘጋቱ አይቀርም፤ ዛሬ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ቅዱ!»

ምን የሆነ ይመስላችኋል? ሰማይ ተደፋ? ደመወዝ ተቆረጠ? ሽማግሌው ዱላቸውን አወረዱና «እንግዲያው ነገ ነው» ብለው ለጎረቤታቸው አስረዱ። ሴትየዋ «እንዲህ በያ!» ብላ ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር ደቀነች። ከዚህ ሌላ ምንም አልሆነም። ስምንት ወር የተፈራው ነገር ይሄው ነበር።

መኪናዋ ቀበሌ ለቀበሌ ዞረች። ጸሐፊዋ «ደህና ነው» አለች፣ ዞን ዘጋ፣ ሥራ አስኪያጁ «ይሁን» አሉ፣ ኢንጂነሩ አረጋገጠ፣ ኃላፊው ፈረሙ፣ ማህተሙ ተመታ፣ ሞንታርቦው ለፈፈ፣ ከተማው ሰማ፣ ከተማው ቀዳ። ባልዲው ሞላ፣ ድስቱ ሞላ፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳፋ ሳይቀር ሞላ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ቧንቧው ተንጠባጥቦ ሲቆም፣ የቀረ ባዶ ዕቃ አልነበረም።

የእታገኘሁ ስልክ ጮኸ። ሲስተር ወርቅያንሹ ናት። «አራቱም በርሜል ሞልቷል። አንዷ ወልዳለች፤ ሴት ናት» ይላል መልእክቱ። እታገኘሁ አነበበችው፤ «እንኳን ማርያም ማረቻት» ብላ ላከች። ጭረቱ አንድ ይሁን ሁለት ሳታይ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ቤቷ ሄደች። ያን ማታ ራቷ በጉሮሮዋ ወረደ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ፣ ጉሮሮዬን በውሃ አርሱ። «ደህና ነበር አይደል?» ብዬ ግን አልጠይቃችሁም።